የመጨረሻውን ንገረኝ

የመጀመሪያውን ሳይሰማ የመጨረሻውን የሚጠይቅ ገዥ ማን እንደፈጠረው አላውቅም። ቴሌግራም ላይ ካወጣሁት ፎቶ ሥር ዋጋው ጥርት ብሎ ተጽፏል፤ 6,000 ብር። እሱ ግን ሰላምታ የለ፣ እንደምን ዋልክ የለ፣ በቀጥታ «የመጨረሻውን ንገረኝ» ይላል። ስሙን አላውቅም፤ በፎቶው ቦታ የለጠፈው አንበሳ ነው። «እንደተጻፈው ነው ወንድሜ» ስለው ጥቂት ይቆይና «400 ልስጥህ፤ አሁኑኑ በቴሌብር አስገባልሃለሁ» ይለኛል። 400ውን እንኳ እችለዋለሁ። የማልችለው «አሁኑኑ»ን ነው። ውለታ እየዋለልኝ መሆኑ ነው እኮ!

ለሽያጭ የቀረበው ማርትሬዛ ነው፤ የጥንቱ ጠገራ ብር። አባቴ እዚሁ ዳንግላ ሲያስተምሩ ኖረው ሲያልፉ፣ ከመጻሕፍታቸው ሌላ የተዉልን አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ጥቂት ማርትሬዛዎች፣ የጃንሆይ ዘመን ሽልንግና ስሙኒ፣ በላስቲክ የታሰረ የደርግ ጊዜ አንድ ብር፣ በደብተር ወረቀት መሃል የተኙ ቴምብሮች። ከቆርቆሮው ውጭ ደግሞ አንድ የፊሊፕስ ራዲዮና የተወሰኑ ሸክላዎች። ወንድምና እህቶቼ ተሰብስበን እያንዳንዳችን አንዳንድ ማስታወሻ ካነሣን በኋላ «የቀረው ይሸጥ» ተባለ። «ስልክ የምትችለው አንተ ነህ» ተብዬ ሻጭነቱ ለእኔ ተሰጠኝ። ሹመት ያዳብር ያለኝ ግን የለም።

ገዥው ዓይነቱ ብዙ ነው። «አለ?» ብሎ ጠይቆ፣ «አለ» ሲሉት የሚሰወር አለ፤ መኖሩን ማወቅ ብቻ የሚበቃው። አንዱ በቴክኖ ስልክ እንለዋወጥ አለኝ፤ «ስክሪኑ ትንሽ ተሰንጥቋል እንጂ ይሠራል።» አንዱ ከውጭ አገር ረጅም የድምፅ መልእክት ልኮ፣ አባቱ ማርትሬዛ ይወዱ እንደነበር እያስታወሰ ድምፁ ተሰበረ፤ እኔም ሆዴ ባባ፤ መጨረሻ ላይ «እንግዲህ ለማስታወሻ በነፃ ብትልክልኝ እግዜር ይስጥህ» አለ። የእሱ አባት መታሰቢያ ከእኔ አባት ቆርቆሮ መውጣቱ ነው።

ወጣቶቹ ይህ ሁሉ ጉድ ከኢንተርኔት ጋር የመጣ ይመስላቸዋል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ግን «ቆራሌው!» የሚለውን ጥሪ ያውቀዋል። የቆራሌው ሙያ ዝምታ ነበር። ዕቃውን ይቀበልሃል፣ ይገለብጠዋል፣ በጥፍሩ ኳ ኳ ያደርገዋል፣ ከዚያ በረጅሙ ይተነፍሳል። ያ ትንፋሽ ብቻውን የዋጋውን ግማሽ ይጥላል። «ለነገሩ ልውሰደው እስቲ» ይላል በመጨረሻ፤ ቆሻሻ ሊደፋልህ የተቸገረ ይመስል። ልዋጩም ያው ነው፤ በአንድ የፕላስቲክ ጆግ ሙሉ ካፖርት ይዞ ይሄዳል። ያንን ካፖርት በሳምንቱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ተሰቅሎ ብታገኘውና ዋጋ ብትጠይቅ፣ የተባለውን ሰምተህ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ።

ስለዚህ ዝቅ ያለ ዋጋ ጥንትም ነበረ። የጠፋው ሌላ ነው። ገበያ ላይ በግ የሚገዛ ሰው ዋጋ ሰብሮ ሲጠራ ሻጩ «ሂድ ወዲያ!» ይለዋል፤ ገዥውም ይሄዳል። አካሄዱን ግን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሲነሣ ፈጠን ይላል። ትንሽ ራቅ ሲል እግሩ ይከብደዋል። ሌላ በግ ያየ መስሎ ይቆማል፣ ላቱን ይዳስሳል፤ ጆሮው ግን ኋላ ነው ያለው። ሻጩም ወደ ሰማይ እያየ የሰውዬውን ጀርባ ይከታተላል። «ና እስቲ፣ ስንት ነበር ያልከው?» እስኪባል የሚኬደው ያ መንገድ የድርድሩ ዋናው ክፍል ነው። ስንት እንደሚጨምር ከአፉ ይልቅ ከጀርባው ይነበባል። ካስፈለገም ደላላ መሃል ገብቶ የሁለቱን እጅ እየጎተተ፣ አንዱን «ጨምር»፣ ሌላውን «ቀንስ» እያለ ያስማማቸዋል፤ ሁለቱም የተረቱ እየመሰሉ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ።

ስልክ ላይ ጀርባ የለም። ሰውዬው «400» ይላል፣ እኔ «አይሆንም» እላለሁ፣ መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ሁለት ይሆናል፤ በቃ። ሄደ? ቆመ? ሌላ በግ እየዳሰሰ ነው? ማንን «ና እስቲ» ልበል? የሞባይል ዳታ ከክልላችን ለወራት በጠፋበት ጊዜማ ጭራሽ ሌላ ነበር፤ ሰው ኮርፎ ይሁን ኔትወርክ ጠፍቶበት መለየት አይቻልም። ገበያ ላይ 400 የወሬ መክፈቻ ነው፤ ስልክ ላይ የተፈረደ ፍርድ ይመስላል። የሚያንገበግበውም ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ተንኮል አለው። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ የተረኩት ሙከራ አለ። ከ0 እስከ 100 ቁጥር የተጻፈበት መሽከርከሪያ አምጥተው፣ በስውር ግን በ10 ወይም በ65 ላይ ብቻ እንዲቆም አድርገው፣ ሰዎቹን «ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ስንት በመቶው የአፍሪካ አገሮች ናቸው?» ብለው ጠየቁ። 10 የወጣላቸው በመካከለኛው ግምት 25 በመቶ፣ 65 የወጣላቸው 45 በመቶ አሉ። መሽከርከሪያው ስለ አፍሪካ ምን ያውቃል? ባለ አንበሳውም ስለ ማርትሬዛ የሚያውቀው ያንኑ ያህል ነው። ይሁንና እሱ 400 ካለኝ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ 1,500 ሲለኝ ሰውዬው ቅዱስ ሆኖ ታየኝ። «እግዜር ይባርክህ» ልለው ስል ነው ባለቤቴ «ኧረ ምን ነክቶሃል?» ያለችኝ።

ሻጭም ቢሆን ጤነኛ አይደለም። ያው ካህነማን ከሌሎች ሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ጥናት ለገሚሶቹ ተማሪዎች የቡና ኩባያ ሰጥተው «በስንት ትሸጣላችሁ?»፣ ለሌሎቹ «በስንት ትገዛላችሁ?» ቢሏቸው፣ ባለ ኩባያዎቹ ወደ 7 ዶላር፣ ገዥዎቹ ወደ 3 ዶላር ጠሩ። ኩባያው ያው ኩባያ ነው፤ እጅ ሲገባ ግን ዘመድ ሆነ። እነሱ ያን ዕለት ለተሰጣቸው ኩባያ እንዲህ ከሆኑ፣ የአባት ቆርቆሮ የወረሰ ሰው ዋጋ ሲተምን ምን ይሁን?

በእኛ አገር ደግሞ ማርትሬዛው ላይ ያለው 1780 የሚል ቁጥር ስንቱን አሳበደው። ዳንግላ ውስጥ አንዱን ፍሬ በመኪና ዋጋ ካልሆነ አልሸጥም ብለው ከሣጥን ግርጌ የቀበሩ ሰዎች አውቃለሁ። «ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው!» ይላሉ። 1780 ንግሥቲቱ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ቪየና መታችው፤ ኢጣሊያ አገራችንን ልትወር ስትዘጋጅ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ላይ መታችው፤ እንግሊዞች ለንደንና ቦምቤይ ላይ መቱት፤ ቪየና እስከ ዛሬም እየመታች ትሸጣለች። ስለዚህ ያ ዓይን አውጣ ገዥ «እሱ እኮ ሞልቷል» ሲል አፉን ሞልቶ የሚናገረው እውነት አለው። ይህን ማመን ለሻጭ መራራ ነው።

የባሰም አለ። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ምስል ፓሪስ አስመትተው የአገር ብር ይሁን ቢሉ፣ ባላገሩ ገልብጦ አይቶ ማርትሬዛዬን አለ። ንጉሠ ነገሥቱ እንኳ ከነዘውዳቸው ገበያውን ተከራክረው አልረቱትም። ዛሬ ሰብሳቢ ዘንድ የሚፈለገው ያ የተናቀው የምኒልክ ብር መሆኑ ነው አስቂኙ። እኛ ቆርቆሮ ውስጥ ግን የለም፤ ስንት ጊዜ ገልብጬ ፈልጌአለሁ።

የዋጋውን ወለል ያሳየኝ አንድ አንጥረኛ ነው። ማርትሬዛውን ሚዛኑ ላይ ጣል አደረገው፤ 28 ግራም። «ከዚህ ውስጥ 23 ግራም ከምናምኑ ንጹሕ ብር ነው፤ አቅልጬ መስቀል ብሠራው እንኳ የዛሬው የብር ዋጋ ይኸው» ብሎ ቁጥር ነገረኝ። በማግኔትም ሞከረው፤ አልተሳበም። ጠርዙን በጣቱ ሲያዞረው ዙሪያውን የተቀረጸ የላቲን ጽሑፍ አለ፤ ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው አሉ። ከእኔ ገዥዎች ጋር አልተዋወቁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሚዛኑ ላይ የተቀመጠበትን ፎቶ ከማስታወቂያው ጋር አያይዤ እለጥፋለሁ፤ ለእሳት ከሚሰጠው በታች ዋጋ የሚጠራ ሰው ቢያንስ እያፈረ እንዲጠራ።

ማጭበርበሩማ የቆየ ነው። በጃንሆይ ዘመን ክቡን የመዳብ ስሙኒ በብር ለብጠው በሽልንግ ዋጋ የሚያልፉ ጮሌዎች ስላስቸገሩ፣ የስሙኒው ጠርዝ ዙሪያውን እንዲከረከም ተደረገ፤ እንደ አበባ ቅጠል ያለው ስሙኒ የመጣው በእነሱ ምክንያት ነው። የደርጉ አንድ ብር ደግሞ ጀርባው ላይ ጢስ ዓባይ አለበትና ለእኛ አካባቢ ሰው ውድ ነው፤ ሆኖም ያላስቀመጠው የለም። በ2013 ኖቶቹ ከተቀየሩ ወዲህማ አገሩ በሙሉ ገንዘብ ሰብሳቢ ሆኗል። ሁሉ ሻጭ በሆነበት ማን ይግዛ?

ቴምብሩ የባሰ ያሟግታል። «የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብር፣ የምኒልክ፣ የ1894!» እያለ የሚደውል ሻጭ እሰማለሁ፤ እ.ኤ.አ. ማለቱ ነው። እውነት ነው፣ የመጀመሪያው ነው። ነገር ግን ፓሪስ ከታተመው ውስጥ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፍ የቀረው ብዙ ስለሆነ ያልተጠቀሙበት በአውሮፓ ርካሽ ነው፤ የሚፈለገው ተለጥፎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ መንገድ የሄደው ነው። ይህን ሳስብ ዓይኔ ዳንግላ ላይ ይቀራል። እዚህ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ የኖረው ሜጀር ቺዝማን ጣናንና ዓባይን ዞሮ ካርታ ያነሣ፣ በ1936 መጽሐፉን ያሳተመ ሰው ነው። ያን ያህል ዓመት ሲኖር ደብዳቤ አልጻፈም ልትሉኝ አትችሉም። ከእነዚያ ፖስታዎች አንዱ በአንድ የዳንግላ ጣራ ሥር ቢገኝ «400 ልስጥህ» የሚለኝን ሰው ፊት ማየት እፈልጋለሁ። ችግሩ የከተማችን ሻጭ ሁሉ ይህን ታሪክ ማወቁ ነው። አሮጌ ማንኪያ ካለ የቆንስሉ ነው፤ የዛገ ቁልፍ ካለ የጣሊያን ነው። አንድ ሰው የፕላስቲክ እጀታ ያለው ቢላዋ «የቆንስሉ» ብሎ አምጥቶልኛል።

ከገዥዎቹ አንዱን ብቻ በቁጣ ሸኝቻለሁ። «የብራና መጽሐፍ የለህም? ዋጋ አልከራከርህም» ያለኝን። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይውጣ ብሎ ይከለክላል፤ አዋጅ ባይኖርም የደብር መጽሐፍ የሚሸጥ እጅ ይቆረጥ።

ያ «ዋጋ አልከራከርህም» የሚለው ቃል ግን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ሌላ ቦታም ሰምቼዋለሁና። ሸክላዎቹን እንዳወጣኋቸው አንድ ሰው ከወደ አውሮፓ «ሁሉንም ባልከው እወስዳለሁ» ብሎ ጻፈ። የመጨረሻውን ንገረኝ የለ፣ ቀንስ የለ። ባለቤቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን ቀዝቃዛ ነገር ጀርባዬን ሲነካኝ ተሰማኝ። ለአንድ ማርትሬዛ ስንት ሰው ሲያደማኝ ከርሞ፣ ይሄ እንዴት ያለ የዋህ ነው? የእህቴ ልጅ ኢንተርኔቱን በርብሮ ያገኘውን አሳየኝ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ «ኤቲዮፒክ» የተባለውን ተከታታይ አልበም ማውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ የአምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስና ካይፋ ሬከርድስ ከዚያ በፊት ያሳተሟቸው ሸክላዎች ከጭረት የዳኑ ከሆነ በመቶዎች በሚቆጠር ዩሮ ይሸጣሉ። ከእኛዎቹ መካከል የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ»፣ የካይፋው፣ አለበት። እኔ የጻፍኩበትን ዋጋ አልነግራችሁም።

ስለዚህ አሁን የምፈራው ሌላ ሰው ነው። 400 የሚለኝ ሰው ቢያንስ ዕቃውን እንደሚፈልገው፣ ገንዘብ እንዳጠረው፣ ወይም ሞኝ እየፈለገ እንደሆነ ነግሮኛል። ሳይከራከር የሚከፍለው ግን ከእኔ የበለጠ ያውቃል። አንድ የማውቀው ሰው በ2016 ሰኔ ላይ የለጠፈውን የማርትሬዛ ዋጋ ሳይነካው ትቶት፣ ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሬው ተለቆ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ያሉትን በሙሉ በአንድ ጧት ሸጦ ጨረሰ። አንድም ገዥ «ቀንስ» አላለውም። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የገበያው ሊቅ ነኝ ሲል ነበር አሉ።

ይህን ካየሁ በኋላ ዓይን አውጣዎቹን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። አልቆጣም፣ አልዘጋም፤ እንደ ገበያው እጫወታለሁ። «400» ሲሉኝ «5,995» እላለሁ። አምስት ብር መቀነሴን እንደ ስድብ የሚቆጥረው ብዙ ነው፤ ገሚሱ ይስቃል። የሳቀ ሰው ጀርባውን አሳየ ማለት ነው። ከዚያ «ወንድሜ ከየት ነህ?» እላለሁ። ቀጥዬ ፈተና እሰጣለሁ፤ «በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ስንት ዕንቁ አለ?» ዘጠኝ ነው፤ የድሮ ነጋዴዎች ዕንቁዎቹ ጥርት ብለው ካልተቆጠሩ ብሩን አንቀበልም ይሉ ነበር። ባለ አንበሳው «የምን ዕንቁ?» ብሎ ጠፋ። ብዙም ተስፋ ያልጣልኩባቸው አንድ የአዲስ አበባ አዛውንት ግን «2,000» ብለው ጀምረው፣ ጥያቄውን ስልክላቸው በጽሑፍ መመለሱን ትተው ደወሉ።

«ዘጠኝ ነው ልጄ። ያንተኛው ስንት ይታያል?»

«ሰባቱ ጥርት ብለው ይታያሉ ጋሼ፤ ሁለቱ ደብዝዘዋል።»

«እንግዲህ ለሁለቱ ቀንስልኛ!»

ለሁለቱ ዕንቁ ስንት እንደሚቀነስ ስንከራከር ካርድ ጨረስን። አባቴ ማን እንደነበሩ፣ የት እንዳስተማሩ ጠየቁኝ። በ4,800 ተስማማን፤ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ ዘመዳቸው ዳንግላ ወርዶ ተረከበኝ። በኋላም «ተቀብያለሁ፤ ዕንቁዎቹ ግን ስድስት ናቸው» ብለው ላኩብኝ።

ራዲዮው ነው የቀረው። ለእሱ የመጣው የመጀመሪያ ዋጋ ገንዘብ አልነበረም። ከአዲስ ቅዳም የሚደውል ሰው «ብር የለኝም፤ ከሰል አለኝ» አለ። አዲስ ቅዳም ያለችበት ፋግታ በዲከረንስ ዛፍ ከሰል አገር ሲያሞቅ የኖረ ወረዳ ስለሆነ አልገረመኝም። ሦስት ማዳበሪያ አለ፤ እኔ ስድስት አልኩ። ከዚያ ጸጥ አለ። እንደሌሎቹ ቀረ ብዬ ስተወው በሦስተኛው ቀን ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ፤ ሰውዬው ራሱ አራት ማዳበሪያ ከሰል ጭኖ መጣ። ራዲዮውን ከፈተው፣ ጮኸ፤ ዘጋው። ገለበጠው፣ በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገው፣ በረጅሙ ተነፈሰ። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ አንዱን ማዳበሪያ በእግሯ ገፋ አድርጋ «ይሄማ ግማሹ ዱቄት ነው፤ አምስተኛው የታለ?» አለችው። «እንግዲያው ይቅርብኝ እትዬ» ብሎ ወደ ባጃጁ ሄደ። ፈጠን ብሎ ነበር የተነሣው፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ ግን ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባ መስሎ ቆመ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ክንዴን ያዘችኝ። ሰውዬው ጠጠሩን አራገፈ፤ ጫማውን መልሶ አጠለቀ፤ ክሩን ፈትቶ እንደገና አሰረ።

«ና እስቲ» አለችው በመጨረሻ፤ «ቡና ተቆልቷል። ባጃጁ ላይ ከጫንካት ከዚያች የድንች ከረጢት ጋር ከሆነ እንነጋገር።»